የግብጦ ዘመድ የሆነው የደረቅ ጥድ ደን አበባ እሳት ለምን ያስፈልገዋል?

በአዊ፣ በጎጃም ወይም በደቡብ ጎንደር ግብጦ ሲዘራና ሲሰበስብ የኖረ አርሶ አደር፣ በግንቦት መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን 240 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አልባኒ ከተማ ቢሄድና በዳርቻዋ ወዳለው የጥድ ደን ቢገባ፣ ከእግሩ ሥር የሚያየው አበባ እንግዳ አይሆንበትም። ቅጠሉ ከአንድ መሐል ተነሥቶ እንደ እጅ ጣቶች የተዘረጋ ነው። አበባው ቀጥ ብሎ በቆመ አገዳ ላይ ከታች ወደ ላይ ተሰካክቷል። ፍሬውም በጠጉራም ቅርፊት ውስጥ እንደ አተር ተደርድሯል። ቁመቱ ከጉልበት ብዙም አይበልጥም፤ የአበባው ቀለም ደግሞ ከሰማያዊ እስከ ወይን ጠጅ ይደርሳል። አርሶ አደሩ “ይህማ ግብጦ ነው” ቢል ብዙም አልተሳሳተም።

አበባው በሳይንሳዊ ስሙ ሉፒነስ ፔሬኒስ ይባላል። እኛ ግብጦ የምንለው ሉፒነስ አልበስ ነው፤ ሁለቱም የአንድ ወገን ዕፅዋት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካው ዝርያ የዱር ግብጦ ይባላል። ትልቁ ልዩነታቸው ዕድሜያቸው ነው። ግብጦ በአንድ የምርት ዘመን በቅሎ፣ አፍርቶ ይደርቃል። የዱር ግብጦ ግን ቋሚ ተክል ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ከአፈር በላይ ያለው አካሉ ይደርቃል፤ ሥሩ ግን ከመሬት በታች ሕይወቱን ጠብቆ ይቆይና በጸደይ እንደገና ያቆጠቁጣል። አንድ ሥር በዚህ ሁኔታ ለብዙ ዓመታት ይኖራል።

ስለ ደኑ ከመናገር በፊት “ጥድ” የሚለውን ቃል ማጥራት ይገባል። በአገራችን ጥድ ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚታየው የሐበሻ ጥድ ነው፤ የፈረንጅ ጥድ የምንለውም ሌላ ዛፍ ነው። እዚህ የሚነገረው ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነና የረዘመ፣ ፍሬውን በእንጨታማ ቅርፊት ውስጥ የሚይዘው፣ በችግኝ ጣቢያዎቻችን ፓቱላ ተብሎ የሚታወቀው ዛፍ ወገን ነው። በአልባኒ አካባቢ ያለው ዝርያ ፒች ፓይን ይባላል። ቅርፊቱ ወፍራም ነው፤ እሳት ቅርንጫፎቹን ቢበላቸው እንኳ እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከግንዱ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ይህ ደን የቆመበት መሬት አሸዋ ነው። በበረዶ ዘመን ማብቂያ ላይ አካባቢውን የሸፈነው ታላቅ ሐይቅ ሲጎድል፣ ከሥሩ የቀረውን አሸዋ ነፋስ እየጠረገ ኮረብታ ኮረብታ አድርጎ ከመረው። አሸዋ የዝናብ ውኃን አይዝም፤ ንጥረ ነገርንም አያከማችም። ስለዚህ ዝናብ የማያንሰው አገር ሆኖ ሳለ መሬቱ እንደ ደረቅ ቆላ ነው። ብዙ ዕፅዋት እንዲህ ያለውን መሬት አይወዱትም፤ የዱር ግብጦ የሚኖረው ደግሞ በዚህ ዓይነት መሬት ላይ ነው።

የሚኖርበት ምክንያት ለአርሶ አደር አዲስ አይደለም። እንደ ባቄላና እንደ ሽንብራ ሁሉ በሥሩ ላይ ትንንሽ እባጮች አሉት፤ በእባጮቹ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ወስደው ለተክሉ በሚስማማው መልክ ያዘጋጁለታል። ተክሉም በፀሐይ ብርሃን ከሠራው ስኳር ይከፍላቸዋል። ረጅም ዋና ሥሩ ደግሞ ላይኛው አሸዋ ሲደርቅ ከታች እርጥበት ይፈልጋል። የሚያስገርመው ስሙ ነው። ሉፒነስ የሚለው ቃል ተኩላ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ የጥንት ሰዎች ይህ ተክል የአፈሩን ለምነት እንደ ተኩላ የሚበላ መስሏቸው እንደ ነበር በስፋት ይነገራል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፦ መሬቱን ያደኸየው አበባው አይደለም፤ በደኸየው መሬት ላይ የሚችለው አበባው ብቻ ስለ ነበር ነው አብረው የታዩት። በተጎዳ ማሳ ላይ ግብጦ አይቶ “መሬቱን የጨረሰው ይህ ነው” የሚል ካለ፣ ያው የጥንቱ ስሕተት ነው።

ፍሬው ሲበስል ቅርፊቱ በፀሐይ ይደርቅና ሁለቱ ወገኖቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ተጠማዝዘው በድንገት ይፈነዳሉ፤ ዘሩም ጥቂት ሜትሮች ርቆ ይወረወራል። ከዚያ አልፎ የሚወስደው ክንፍም ሆነ ጭገር የለውም። ስለዚህ የዱር ግብጦ ከአንድ ቦታ ከጠፋ በራሱ ተመልሶ የሚመጣበት መንገድ እጅግ ቀርፋፋ ነው። በሌላ በኩል ዘሩ ጠንካራ ልባስ ስላለው ሳይበቅል በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ታዲያ ይህን ያህል ድርቅንና ድህነትን የሚችል ተክል ምን ያጠፋዋል? ጥላ ነው።

የዱር ግብጦ ዛፎች ተራርቀው የቆሙበትን፣ ፀሐይ መሬት የምትነካበትን ደን ይፈልጋል። ቀድሞ ይህን ክፍተት ይጠብቅ የነበረው እሳት ነው። አንዳንዱ በመብረቅ ይነሣ ነበር፤ ሌላውን ነባሮቹ የአካባቢው ሕዝቦች ሆን ብለው ይለኩሱት ነበር። እሳቱ በደረቀው ሣርና ቅጠል ላይ በፍጥነት ያልፋል፤ ቁጥቋጦውን ያሳሳል፤ ወፍራም ቅርፊት ያላቸው ጥዶች ግን ይቆማሉ። የዱር ግብጦ ሥር በአሸዋው ውስጥ ስለሚቀር አይነካም። የተከመረው የጥድ መርፌ ሲነሣ ደግሞ ዘሩ የሚያርፍበት ባዶ አፈር ይገኛል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ግን እሳት ሁሉ ጠላት ነው ተብሎ፣ የትም ይነሣ የት እንዲጠፋ ተደረገ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ቤትና ንብረት ለማትረፍ ነው። ነገር ግን እሳት ያልነካው ደን ዓመት በዓመት ጠቀጠቀ፤ ቁጥቋጦው ከፍ አለ፤ ከሌላ አካባቢ የመጡና በፍጥነት የሚያድጉ ዛፎች ገቡበት። ከሥር ያለው አበባ መጀመሪያ ማበብ ተወ፤ ቀጥሎም ቅጠሉ አነሰ፤ በመጨረሻ ጠፋ። ማንም አልነቀለውም። ከብትም አልጋጠውም። ደኑ “ተጠብቆ” ሳለ አበባው ሞተ። የቀረውን ደግሞ መንገድ፣ የመኖሪያ ሰፈርና የገበያ አዳራሽ ወሰዱት፤ ደረቅ አሸዋማ መሬት ለእርሻ ባይመችም ለግንባታ ይመቻልና።

ጉዳቱ በአበባው አላበቃም። ክንፏ ተዘርግቶ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል የምትሆን ካርነር ብሉ የተባለች ሰማያዊ ቢራቢሮ አለች። ስሟ የተወሰደው በአልባኒ አቅራቢያ ከነበረች ካርነር ከተባለች የባቡር ጣቢያ ነው። በ1940ዎቹ ለይቶ የመዘገባት በልብ ወለድ ደራሲነቱ ዓለም የሚያውቀው፣ ትውልዱ ሩሲያዊ የሆነው ቭላድሚር ናቦኮቭ ነው፤ ደራሲው የቢራቢሮ ተመራማሪም ነበር። የዚህች ቢራቢሮ አባጨጓሬ ከዱር ግብጦ ቅጠል በቀር ሌላ ምግብ አይበላም። ትልቋ ቢራቢሮ ከልዩ ልዩ አበቦች ወለላ ትቀስማለች፤ እንቁላሏን ግን በዚሁ ተክል ላይና በአጠገቡ ትጥላለች።

በዓመት ሁለት ትውልድ አላት። ክረምቱን በእንቁላልነት ያሳለፈው በሚያዝያ ይፈለፈላል፤ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ቢራቢሮ ሆኖ ይበራል። የእርሱ ልጆች በሐምሌና በነሐሴ ይበራሉ፤ የሚጥሉት እንቁላልም በረዶውን አልፎ የሚቀጥለውን ጸደይ ይጠብቃል። አባጨጓሬው የቅጠሉን ሥጋ ልጦ ስስ ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ብቻ ስለሚተው፣ ባለሙያዎች አባጨጓሬውን ባያገኙት እንኳ መኖሩን በዚህ ምልክት ያውቃሉ። ከሰውነቱ ጣፋጭ ፈሳሽ ያመነጫል፤ ጉንዳኖች ፈሳሹን ለማግኘት ይከቡታል፤ እግረ መንገዳቸውንም ሊበሉት ከሚመጡ ነፍሳት ይጠብቁታል። አንድ አበባ ሲጠፋ ከእርሱ ጋር የሚጠፋው ይህ ሁሉ ነው። ቢራቢሮዋ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1992 በአሜሪካ ለመጥፋት በተቃረቡ ፍጥረታት ዝርዝር ውስጥ ገብታለች፤ ከካናዳዋ ኦንታሪዮ ግዛት ደግሞ ፈጽሞ ጠፍታለች።

በአልባኒ የቀረውን ደን ለማትረፍ በ1988 በኒውዮርክ ግዛት ሕግ አንድ ኮሚሽን ተቋቋመ። ዛሬ ከ1 ሺህ 300 ሄክታር በላይ የሚሆነው መሬት ጥብቅ ስፍራ ነው። የጥበቃው ዋና መሣሪያ ደግሞ ቀድሞ የተከለከለው እሳት ነው፤ በዕቅድ የሚለኮስ እሳት። የሥራው አስቸጋሪነት ከዚህ ይጀምራል። እሳቱ ለአበባው ይጠቅማል፤ በአበባው ላይና በሥሩ ዙሪያ ያለውን የቢራቢሮ እንቁላል ግን ያቃጥላል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያቃጠለ፣ ቢራቢሮዋን ለማዳን ብሎ ቢራቢሮዋን ይጨርሳል። መፍትሔው መሬቱን ከፋፍሎ በተራ ማቃጠል ነው፦ ዘንድሮ አንዱ ክፍል ይነካል፤ አጠገቡ ያለው ይቆያል፤ ከቆየው ክፍል የወጡ ቢራቢሮዎች የታደሰውን ይይዙታል። ቢራቢሮዋ ሩቅ በራሪ ስላልሆነች ክፍሎቹ መቀራረብ አለባቸው።

ቃጠሎው ደግሞ በሰፈርና በአውራ ጎዳና መካከል ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በዙሪያው የእሳት መከላከያ መስመር ይጠረጋል፤ የነፋሱ አቅጣጫና ፍጥነት፣ የአየሩ እርጥበት ይለካል፤ ጭሱ ወደ መንገዱ የሚሄድ ከሆነ ሥራው ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ውኃ የጫኑ ተሽከርካሪዎችና የሠለጠኑ ሠራተኞች ሳይቀመጡ አንድ ክብሪት አይጫርም። እሳት በማይቻልበት ቦታ ቁጥቋጦው በማሽን ይታጨዳል።

ጥላን ሁሉ ማስወገድም ግን ትክክል አይደለም። ፀሐይ ላይ ያለው ተክል በብዛት ያብባል፤ በከፊል ጥላ ውስጥ ያለው ደግሞ አበባው ቢያንስም ቅጠሉ በበጋው ሙቀት ቶሎ አይደርቅም። የሁለተኛው ትውልድ አባጨጓሬ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ የሚበላው ለምለም ቅጠል የሚያገኘው ከዚያ ነው። አንድ ወጥ ገላጣም ሆነ አንድ ወጥ ጥቅጥቅ ደን አይሆናትም፤ የተቀላቀለ ይሁን ነው ነገሩ። የአየር ንብረት መዛባት ይህን ሁሉ ያከብደዋል። በ2012 በኢንዲያና ግዛት በሚሺጋን ሐይቅ ዳርቻ ጸደዩ ከልክ በላይ ቀድሞ ሞቀ፤ አባጨጓሬዎቹም ምግባቸው ሳይደርስ ተፈለፈሉ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ቢራቢሮዋ በአካባቢው ተመናምና ጠፍታለች።

እዚህ ላይ ለአገራችን አንባቢ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ይህ ሁሉ የእኛን ደን ለማቃጠል ምክንያት አይሆንም። የአልባኒ ጥድ ከእሳት ጋር የኖረ ዛፍ ነው። የሐበሻ ጥድ ግን ቅርፊቱ ስስ ነው፤ እሳት ይገድለዋል። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ዙሪያ ከቀሩት ደኖች አብዛኞቹ ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም፤ አንድ ቃጠሎ ከበላቸው ዘር የሚሰጣቸው ጎረቤት ደን በአቅራቢያ የላቸውም። በ2011 ዓ.ም በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው እሳት ለማጥፋት የቱን ያህል እንዳስቸገረ፣ ከውጭ አገር ሳይቀር እርዳታ እንዳስፈለገ ሕዝቡ ያስታውሳል። ለማር ቆረጣ፣ ለከሰል ወይም ለአዲስ ሣር ብሎ ደን ላይ እሳት የሚለኩስ ሰው የአልባኒን ሠራተኞች ሥራ እየሠራ አይደለም።

ከዱር ግብጦ ወደ እኛ ማሳ በቀጥታ የሚመጣው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም መርዙ ነው። ሁለቱም ዝርያዎች አልካሎይድ የተባለ መራራ ንጥረ ነገር አላቸው፤ በተለይ በፍሬው ውስጥ ይበዛል። ተክሉ ራሱን ከበላተኛ የሚከላከልበት ነው። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ የግጦሽ መሬቶች የሚበቅሉ ቋሚ የሉፒን ዝርያዎችን ፍሬ አብዝተው የበሉ በጎች ይሞታሉ፤ ከእነዚህ ዝርያዎች አንዳንዶቹን በእርግዝናዋ ሁለተኛና ሦስተኛ ወር አካባቢ የበላች ላም እግሩ የተጣመመ ጥጃ ልትወልድ ትችላለች። የጎጃም እናቶች ግብጦን ቆልተው ለቀናት በወራጅ ውኃ ውስጥ የሚዘፈዝፉት በከንቱ አይደለም፤ መራራው ንጥረ ነገር በውኃ ስለሚሟሟ ታጥቦ ይወጣል። በምላስ ተቀምሶ ምሬቱ ያልለቀቀ ግብጦ ለሕፃን መሰጠት የለበትም፤ ያልተዘፈዘፈ ፍሬም ለከብት በብዛት አይቀርብም። ምሬታቸው ያነሰ ጣፋጭ የሉፒን ዝርያዎችን ለመኖነትና ለምግብነት ለማላመድ በባሕር ዳር አቅራቢያ በሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ጥናት ተካሂዷል።

ግብጦ ከአሜሪካው ዘመዱ የሚበልጥበትም ነገር አለ። ፎስፈረስ ሲያጥረው የጠርሙስ መጥረጊያ ብሩሽ የሚመስሉ ጥቅጥቅ ያሉ ሥሮች ያበቅላል፤ ከእነዚህም ሲትሬት የተባለ ንጥረ ነገር አመንጭቶ በአፈር ተይዞ የቀረውን ፎስፈረስ ያላቅቃል። አሲዳማ አፈር ማዳበሪያውን ይዞ አልሰጥ ባለበት የአዊና የጎጃም ደጋ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፍሬውም ሲሶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ ግብጦ በብዙ ቦታ ከጠላ ጋር የሚቀርብ ቁርስ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ያሳዝናል።

የዱር ግብጦ ሌላው ፈተና የራሱ ዘመድ ነው። ከአሜሪካ ምዕራብ የመጣ፣ ቁመቱ የሚበልጥና ቀለሙ የደመቀ የአትክልት ስፍራ ሉፒን አለ። በሰሜን ምሥራቋ ሜይን ግዛት በየመንገዱ ዳር ተስፋፍቶ ጎብኚዎች ፎቶግራፍ የሚነሡበት ይህ እንግዳ ዝርያ ነው፤ ነባሩ የዱር ግብጦ ግን ከግዛቷ ጠፍቷል። ሁለቱ ዝርያዎች ይዳቀላሉ። ስለዚህ “የሉፒን ዘር” ተብሎ የተሸጠ ሁሉ ለመልሶ ማልማት አይሆንም። አይስላንድም የአፈር መሸርሸርን ለመግታት ብላ በ1945 ከአላስካ ያስመጣችው ሌላ የሉፒን ዝርያ ዛሬ ነባሮቹን ዝቅተኛ ዕፅዋት እየሸፈነ ያስቸግራታል። ናይትሮጂን የሚያከማች ተክል ደግ ነገር ነው፤ ያለ ቦታው ሲገባ ግን አረም ይሆናል።

ነባሩን ዝርያ መልሶ መትከል ዘሩን ካወቁት አይከብድም። ጠንካራ ልባሱ ውኃ እንዲያስገባ በሸካራ ነገር ይፈተጋል ወይም ሌሊቱን በውኃ ይነከራል፤ ከባክቴሪያው ጋር ተቀላቅሎ ባዶ አሸዋ ላይ ይዘራል። ዋና ሥሩ ረጅም በመሆኑ ያደገ ተክል ነቅሎ ማዛወር አብዛኛውን ጊዜ አይሳካም፤ ችግኝ የሚዛወረው ገና ትንሽ ሳለ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አበባ አይጠበቅም፤ ኃይሉን ለሥሩ ያውላል።

በኒው ሃምፕሻየር ግዛት ኮንኮርድ ከተማ የተደረገው ይኸው ነው። በዚያ የነበረው የጥድ ደን ተጣብቦ ካርነር ብሉ ከጠፋች በኋላ፣ ከኒውዮርክ እንቁላል ተወስዶ በቤተ ሙከራ ተፈለፈለ። አባጨጓሬዎቹን ለመመገብና መሬቱን ለማልበስ ግን በሺዎች የሚቆጠር የዱር ግብጦ ችግኝ ያስፈልግ ነበር። የትምህርት ቤት ተማሪዎች ዘሩን በየክፍላቸው መስኮት አጠገብ በትንንሽ ዕቃ ዘርተው አሳደጉ፤ በጸደይም ወጥተው በአሸዋው ላይ ተከሉት። ቢራቢሮዋ በዚያ መሬት ላይ እንደገና መብረር ጀመረች። ከዚያም በኮንኮርድ ያደጉት ተራቸውን ወደ አልባኒ ተወስደው፣ በእሳት በታደሱት ክፍሎች ላይ ተለቀቁ።